ማሽን ቱል በታሪፍ መጽሐፍ፦ ተቀራራቢ በሆኑ የታሪፍ ቁጥሮች መካከል የመምረጫ መመሪያ

ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ አንድ ኮንቴይነር ተከፍቶ ሲፈተሽ ቆሜ አይቻለሁ። ማሽኑ በዲክላራሲዮኑ ላይ «ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን» (በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚመራ ፍሬዛ) ተብሎ በታሪፍ ቁጥር 8459 ተመዝግቧል። ፈታሹ የማሽኑን የስም ሰሌዳ ፎቶ አንሥቶ አለፈና ወደ ግራ ጎኑ ዞሮ የላሜራ ሽፋኑን አስከፈተ። ከሽፋኑ ኋላ 24 የመቁረጫ መያዣ ኪሶች ያሉት ክብ ማጋዚን ታየ፤ ክርክሩም እዚያው አበቃ። ማሽኑ ተራ ፍሬዛ፣ ማለትም በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚፍቅ ማሽን፣ ሳይሆን ማሽኒንግ ሴንተር ስለነበረ አርዕስቱ (ባለ አራት አሃዙ የታሪፍ ምድብ) 8457 መሆን ነበረበት። አስመጪው የደበቀው ነገር አልነበረም፤ ሻጩ በፕሮፎርማው ላይ የጻፈውን ስም ትራንዚተሩ እንዳለ ገልብጦት ነው።

እንዲህ ያለው አለመግባባት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከስም ነው። የታሪፍ መጽሐፉ ማሽንን የሚመድበው ግን በካታሎግ ስሙ፣ በዋጋው ወይም በሚንቀሳቀስባቸው አቅጣጫዎች ብዛት አይደለም። መጽሐፉ የሚጠይቀው ማሽኑ በየትኛው ቁስ ላይ እንደሚሠራ፣ በቁሱ ላይ ምን እንደሚያደርግና በምን ዘዴ እንደሚያደርገው ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በምዕራፍ 84 ከ8456 እስከ 8466 የተዘረዘሩትን አርዕስቶች ይዞ፣ አስመጪዎችና ትራንዚተሮች ብዙ ጊዜ የሚያምታቷቸውን ማሽኖች ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲተረጎም ምን እንደሚመስል በግምታዊ ስሌት እንየው። የዕቃው ግዢ፣ ኢንሹራንስና ማጓጓዣ ተደምሮ የቀረጥ ማስከፈያ ዋጋው 1,000,000 ብር ነው እንበል። አንደኛው አርዕስት 5 በመቶ፣ ሁለተኛው 20 በመቶ ቀረጥ ቢጣልበት (እነዚህ ምጣኔዎች ለስሌት ያህል የተወሰዱ እንጂ የየትኛውም አርዕስት ትክክለኛ ምጣኔ አይደሉም)፣ የቀረጡ ልዩነት ብቻ 150,000 ብር ይሆናል። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ በዚህ ላይ 22,500 ብር ይጨመራል፤ ጠቅላላ ልዩነቱም 172,500 ብር ይደርሳል። ሱር ታክስ የሚመለከተው ዕቃ ከሆነ እርሱም በዚሁ ድምር ላይ ስለሚሰላ ልዩነቱ ይሰፋል። የካፒታል ዕቃ ከቀረጥ ነፃ የማስገባት መብት ያለው ባለሀብትም ቢሆን ከጉዳዩ ነፃ አይደለም። በማበረታቻ ዝርዝሩ ላይ የተፈቀደለት ማሽን መግለጫና በዲክላራሲዮኑ የተመዘገበው ካልገጠሙ መብቱን በተግባር ለመጠቀም ደብዳቤ መመላለስ ይጀምራል። ዕቃው በሰላም ወጥቶ ከተተከለ በኋላም ቢሆን የድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት ሊመጣ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ስድስቱ አሃዞችና እትማቸው

ሐርሞናይዝድ ሲስተም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1988 ጀምሮ የሚሠራ፣ በዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚተዳደር የዕቃዎች አመዳደብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች ሥርዓቱን ለሚከተሉ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። የእኛ ታሪፍ ስምንት አሃዝ ሲጠቀም የቻይና ሻጭ ብዙውን ጊዜ አሥር አሃዝ፣ የቱርክ ሻጭ ደግሞ አሥራ ሁለት አሃዝ ጽፎ ይልካል። ስለዚህ ከሻጩ ኮድ የሚወሰደው ቢበዛ የመጀመሪያው ስድስት አሃዝ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለማመሳከሪያ እንጂ ለመገልበጥ አይደለም። ሻጩ ኮዱን የሚመርጠው የራሱን አገር የወጪ ንግድ ሁኔታ እያየ በመሆኑ እዚህ የሚከፈለው ቀረጥ እምብዛም አያሳስበውም።

ሌላው መታየት ያለበት የእትም ጉዳይ ነው። ሥርዓቱ በየጊዜው ይሻሻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው እትም በማሽን ቱሎች በኩል ሁለት ትልልቅ ለውጦች አምጥቷል። አንደኛው ብረትን የሚያጥፉ፣ የሚቆራርጡና የሚበሱ ማሽኖች የሚገኙበት 8462 በውስጡ እንደገና መዋቀሩ ነው። ሁለተኛው 8485 የሚባል አዲስ አርዕስት ተከፍቶ ቁስን በንብርብር እየጨመሩ ዕቃ የሚሠሩ ማሽኖችን፣ ማለትም በተለምዶ ስሪዲ ፕሪንተር የምንላቸውን፣ መሰብሰቡ ነው። በ2017 እትም በሲኤንሲ የሚሠራ የላሜራ ማጠፊያ ሁሉ በ8462.21 ይጠቃለል ነበር። በ2022 እትም ግን ፕረስ ብሬኩ 8462.23፣ ፓነል ማጠፊያው 8462.24፣ ሮል ፎርሚንጉ (ላሜራን በተሽከርካሪ ጥቅልሎች መካከል እያሳለፈ ቅርጽ የሚያወጣው) 8462.25 ሆነው ተለያዩ። ሻጩ ከአዲሱ እትም የወሰደው ቁጥር በእጅ ባለው የታሪፍ መጽሐፍ ላይ ከሌለ ወይም ሌላ ዕቃ የሚያሳይ ከሆነ፣ ቁጥሩ ስሕተት ከመባሉ በፊት መጽሐፉ በየትኛው እትም ላይ እንደተመሠረተ መመልከት ይገባል። የሚቀጥለው እትም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2028 ሥራ ላይ እንደሚውል ስለተወሰነ ይህ ጉዳይ በቅርቡ ተመልሶ ይመጣል።

የሚሠራበት ቁስ፣ ከዚያም ዘዴው

ከ8457 እስከ 8461 ያሉት አርዕስቶች ብረታ ብረትን እየፋቁ፣ እየላጉ ወይም እየቦረቦሩ ቅርጽ የሚያወጡ ማሽኖችን ይይዛሉ። 8462 እና 8463 ብረቱን ሳይልጉ በመጫን፣ በማጠፍ፣ በመቀጥቀጥ ወይም በመሳብ ለሚሠሩት ነው። ላሜራ የሚቆርጠው ማሽንና የሚበሳው ፓንች የሚገኙት ግን በ8462 ስለሆነ «መቁረጥ» የሚለው ቃል ብቻውን አያደርስም። ድንጋይ፣ ሴራሚክ፣ ኮንክሪትና ብርጭቆ በ8464፣ እንጨት፣ አጥንት፣ ጠንካራ ጎማና ጠንካራ ፕላስቲክ ደግሞ በ8465 ይስተናገዳሉ። ለምሳሌ የእንጨት ቶርኖ (የሚላገውን ቁስ ራሱን እያዞረ የሚሠራ ማሽን) ቅርጹም ሆነ አሠራሩ ከብረት ቶርኖ ጋር ቢመሳሰልም የሚመደበው በ8465 ነው፤ 8458 የሚለው «ብረት ለመላግ» ነውና። የብረት መጋዝ ማሽን 8461.50፣ የእንጨት መጋዝ ማሽን 8465.91 ነው።

እግረ መንገዴን ልጥቀስ እንጂ የብሎኬት ማምረቻ ማሽን ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይገባም። ሲሚንቶ ነክ ቁስን በቅርጽ የሚያወጣ ማሽን ስለሆነ ቦታው 8474 ነው፤ የፕላስቲክ ኢንጄክሽን ማሽንም በ8477 ይመደባል። ሁለቱም «ፕረስ» ተብለው ከ8462 ጋር ሲደባለቁ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከቁሱ ጥያቄ የሚያመልጥ አንድ አርዕስት አለ፤ እርሱም 8456 ነው። ሌዘር፣ አልትራሳውንድ፣ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ፣ ፕላዝማ ወይም የውሃ ግፊት የሚጠቀም ማሽን በየትኛውም ቁስ ላይ ቢሠራ እዚህ ይመደባል። አንድ ማሽን የ8456ን መግለጫና ከ8457 እስከ 8461፣ ወይም የ8464 ወይም የ8465ን መግለጫ በአንድ ጊዜ የሚያሟላ ከሆነ 8456 እንደሚቀድም የምዕራፍ 84 ማስታወሻ በግልጽ ደንግጓል። በዚህም መሠረት ለማስታወቂያ ሥራ አክሪሊክና ኮምፔልሳቶ የሚቀርጸው ትንሹ የሌዘር ማሽን ለእንጨትና ለፕላስቲክ ስለሚውል ብቻ 8465 አይሆንም። ትልቁ የላሜራ መቁረጫ ፋይበር ሌዘርና እርሱ በአንድ ቁጥር፣ በ8456.11፣ ጎን ለጎን ይቆማሉ። እብነ በረድ በውሃ ግፊት የሚቆርጠው ማሽን 8456.50 ሲሆን፣ ያንኑ እብነ በረድ በአልማዝ መጋዝ የሚቆርጠው ግን ወደ 8464.10 ይሄዳል።

ይሁንና የማስታወሻውን ዝርዝር በጥንቃቄ ያነበበ ሰው 8462 እና 8463 እንዳልተጠቀሱ ያስተውላል። በአንድ አካል ላይ ፓንችና ሌዘር አጣምሮ የያዘ የላሜራ ማሽን ሲመጣ ታዲያ «ሌዘር ስላለው 8456» ብሎ መደምደም አይቻልም። እዚያ ላይ የሚሠራው ስለ ጥምር ማሽኖች የተደነገገው የክፍል 16 (ምዕራፍ 84 እና 85ን የያዘው የታሪፉ ክፍል) ማስታወሻ ስለሆነ፣ የማሽኑ ዋና ተግባር የቱ እንደሆነ በማስረጃ መታየት አለበት።

በዚሁ መስመር ሌላ የሚያሳስት አለ፤ በእጅ ተይዞ የሚሠራውና «ሦስት በአንድ» እየተባለ የሚሸጠው የሌዘር መሣሪያ ይበይዳል፣ ያጸዳል፣ ይቆርጣል። ዋና ሥራው ብየዳ እስከሆነ ድረስ የሚመደበው በ8515 ነው፤ የዚህ አርዕስት ጽሑፍ ራሱ የብየዳ መሣሪያው መቁረጥ ቢችልም ባይችልም እንደሚገባ ይናገራልና። ለመቁረጥ ብቻ የተሠራ የፕላዝማ ማሽን ግን 8456.40 ነው። ሁለቱን ለመለየት ከመሣሪያው ጋር የመጡትን የጫፍ አፍንጫዎችና የሽቦ መመገቢያ መኖሩን ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ፍሬዛ፣ ማሽኒንግ ሴንተር ወይስ ተርኒንግ ሴንተር?

ብዙ ክርክር የሚነሣውና እኔም ብዙ የምቆይበት እዚህ ላይ ነው። 8457 የሚባለው አርዕስት በጣም የታጠረ ነው። የምዕራፉ ማስታወሻ እንደሚለው ማሽኒንግ ሴንተር ማለት፣ ቶርኖ ሳይሆን፣ በማሽኒንግ ፕሮግራሙ መሠረት መቁረጫውን ከማጋዚን ወይም ከመሰል ማስቀመጫ በራሱ እየቀየረ የተለያዩ ዓይነት ሥራዎችን በብረት ላይ የሚሠራ ማሽን ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው፤ በፕሮግራም የሚመራ የመቁረጫ ለውጥና እንደ ፍሬዛ፣ መብሳትና ጥርስ ማውጣት ያሉ ከአንድ በላይ የሥራ ዓይነቶች።

በዚህ መመዘኛ በሲኤንሲ የሚሠራ፣ መቁረጫው ግን በሠራተኛ እጅ የሚቀየር ፍሬዛ ምንም ያህል ዘመናዊና ውድ ቢሆን 8457 ውስጥ አይገባም። ጠረጴዛው ከታች በጉልበት መሰል ድጋፍ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ዓይነት ከሆነ 8459.51፣ ካልሆነ 8459.61 ነው። በአንጻሩ «ድሪል ታፕ ማሽን» ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ማሽን ስሙ ወደ 8459 ቢጎትትም ማጋዚን ካለውና በፕሮግራም መሠረት መቁረጫ እየቀየረ ከፈረዘ፣ ከበሳና ጥርስ ካወጣ ማሽኒንግ ሴንተር ነው። የጃፓኑ ፋኑክ ኩባንያ የሚሠራው ሮቦድሪል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በስሙ ውስጥ ሮቦትም ድሪልም አለ፤ ማሽኑ ግን 14 ወይም 21 መቁረጫዎችን ይዞ በራሱ እየቀያየረ ስለሚሠራ የ8457.10 ማሽን ነው እንጂ የ8479.50 ሮቦትም የ8459 መብሻም አይደለም።

ተርኒንግ ሴንተር ላይ ደግሞ ስሕተቱ በተቃራኒው ይሠራል። ዘመናዊ ቶርኖ አሥራ ሁለት መቁረጫ የሚይዝ ተሽከርካሪ ተሬት አለው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የራሳቸው መዞሪያ ስላላቸው ሥራው (የሚሠራው ብረት) ሳይወርድ ይበሳሉ፣ ይፈርዛሉ። ይህን ያየ ሰው «መቁረጫውን በራሱ ይቀይራል፣ ብዙ ዓይነት ሥራም ይሠራል» ብሎ ወደ 8457 ለመውሰድ ይፈተናል። ማስታወሻው ግን ቶርኖን፣ ተርኒንግ ሴንተርን ጨምሮ፣ ከ8457 በስም አውጥቶታል። ሥራው ራሱ እየዞረ የሚላግበት ማሽን እስከሆነ ድረስ ቦታው 8458 ነው።

በ8458 ውስጥ ያለው ቀጣይ ምርጫ ሲኤንሲ ነው አይደለም የሚለው ነው። አግድም የሆነና በሲኤንሲ የሚመራ ቶርኖ 8458.11 ሲሆን፣ አግድም ሆኖ ያለ ሲኤንሲ የሚሠራው 8458.19 ነው። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ግርታ ከዲጂታል ማሳያ ይመጣል። ብዙ ተራ ቶርኖዎች የመቁረጫውን ቦታ በሚሊሜትር የሚያሳይ ስክሪን ተገጥሞላቸው ይመጣሉ። ስክሪኑ ግን የሚያሳየው ልኩን ብቻ ነው፤ መቁረጫውን የሚገፋው አሁንም የቶርነሩ እጅ ወይም የማሽኑ የመመገቢያ ማርሽ በመሆኑ ማሽኑ 8458.19 ሆኖ ይቀራል። የርዝመት መቁጠሪያ ያለው ፒኤልሲ (አነስተኛ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ) የተገጠመለት የቆርቆሮ ሮል ፎርሚንግም እንዲሁ በራሱ ሲኤንሲ አይሆንም። መታየት ያለበት የመሣሪያው ወይም የሥራው እንቅስቃሴ በቁጥር በተቀመጠ ፕሮግራም መመራቱ ነው።

ሞተር የሚያድሱ ወርክሾፖች የሚያስመጧቸው ማሽኖች በአንጻሩ ብዙም አያስቸግሩም። የሲሊንደር መቦርቦሪያው በ8459፣ የሲሊንደር ሆኒንጉ (ውስጡን ማለስለሻው) በ8460.40፣ የኮሎ መላጊያው፣ ማለትም የክራንክሻፍት ግራይንደሩ፣ በ8460 ውስጥ እንደ ሲኤንሲ መሆን አለመሆኑ ይመደባሉ። ዋናው ነገር ሦስቱን «የሞተር ማደሻ ማሽኖች» ብሎ በአንድ መስመር አለመጻፍ ነው።

የሲኤንሲ ራውተር

የቤት ዕቃና የማስታወቂያ ሠራተኞች የሚያስመጡት ሲኤንሲ ራውተር ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። የመጀመሪያው የእንጨት ነው ወይስ የብረት የሚለው ነው። ሻጮች ገበያውን ለማስፋት «እንጨት፣ አክሪሊክ፣ አሉሚኒየም፣ መዳብ» ብለው ሁሉንም በካታሎጉ ላይ ይዘረዝራሉ፤ ፈታሹ ይህን አንብቦ 8459 ቢል ሙሉ በሙሉ አይፈረድበትም። እውነተኛው ምስክር ግን አካሉ ነው። በደቂቃ 18,000 ወይም 24,000 ጊዜ የሚዞር ስፒንድል (መቁረጫውን የሚያዞረው ዘንግ)፣ ቁሱን በአየር መሳብ የሚይዝ ጠረጴዛ፣ የሰጋቱራ መሳቢያ ቱቦ፣ እንዲሁም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መሰብሰቢያ አለመኖሩ ማሽኑ በዋናነት ለእንጨትና ለጠንካራ ፕላስቲክ እንደተሠራ ያሳያሉ። አንዳንዴ ስስ አሉሚኒየም መቁረጥ መቻሉ ዋና ዓላማውን አይለውጠውም፤ ምዕራፉም ከአንድ በላይ ዓላማ ያለው ማሽን በዋና ዓላማው ብቻ እንደሚታይ ይደነግጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ በ8465 ውስጥ ሲገባ የሚመጣው ነው። መቁረጫውን ከማጋዚን በፕሮግራም የሚቀይረው ራውተር 8465.20 ሲሆን፣ አንድ ስፒንድል ብቻ ኖሮት መቁረጫው በእጅ የሚቀየረው 8465.92 ነው። የእንጨት ሥራ ቤቶች የሚወዱት፣ መላጊያ፣ መጋዝና መብሻ በአንድ አካል ያለው የቆየው ጥምር ማሽን ደግሞ መቁረጫ ሳይቀየር ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ከሆነ 8465.10 የሚባል የራሱ ቦታ አለው።

ጥምር ማሽንና ዋና ተግባር

ቶርኖ፣ ፍሬዛና ትራፓኖ (መብሻ) በአንድ የሆነ አነስተኛ ማሽን ለሥልጠና ተቋማትና ለትንንሽ ወርክሾፖች ይመጣል። ለዚህ የተለየ አርዕስት የለም። መጀመሪያ ዋና ተግባሩ ይፈለጋል፦ አልጋው፣ ዋናው ሞተርና የሥራ ስፋቱ በአብዛኛው ለቶርኖው ከሆነ፣ የፍሬዛው ራስ ደግሞ በላዩ የተጨመረ ከሆነ፣ 8458 የተሻለ ክርክር ነው። ዋና ተግባሩን መለየት በእውነት ካልተቻለ ብቻ፣ እኩል ከሚመጥኑት አርዕስቶች መካከል በቁጥር ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ያለው እንዲወሰድ አጠቃላይ የአተረጓጎም ሕጎቹ ያዛሉ፤ ያም 8459 ነው። አንዳንድ አስመጪ በዲክላራሲዮኑ አንዱን፣ በማብራሪያ ደብዳቤው ሌላውን እየጻፈ ሁለት ባላ ሊተክል ይሞክራል፤ በታሪፍ ምደባ ግን ይህ የሚያስከትለው ጥርጣሬ ብቻ ነው። የተመረጠው አንድ አርዕስት ከነምክንያቱ ቢቀርብ ይሻላል።

ተፈታትቶ ወይም በመስመር የሚመጣ ማሽን

ትልቅ ማሽን በሦስት ኮንቴይነር ተፈታትቶ ቢመጣም በአንድ ላይ እስከቀረበ ድረስ እንደ ሙሉ ማሽን ይመደባል። ክፍሎቹ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ዲክላራሲዮን የሚቀርቡ ከሆነ ግን እያንዳንዱ በራሱ ሊታይ ይችላል፤ ሞተሩ እንደ ሞተር፣ ፓነሉ እንደ ፓነል። የጭነት መከፋፈል የማይቀር ከሆነ ጉዳዩን ለጉምሩክ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ከኋላ ከመከራከር ይሻላል።

የቆርቆሮ ማምረቻ መስመርን የመሰለ፣ የጥቅል መፍቻ፣ ቅርጽ ማውጫ፣ መቁረጫና መደርደሪያ አንድ ላይ ተያይዘው አንድ ግልጽ ተግባር የሚፈጽሙበት ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። እነዚህ በተለያየ አካል ቢሆኑም፣ በገመድ ወይም በቱቦ ቢገናኙም፣ ለዚያ ተግባር በሚስማማው አርዕስት በአንድነት እንደሚመደቡ የክፍል 16 ማስታወሻ ይፈቅዳል። ያው የጥቅል መፍቻ ብቻውን ቢመጣ ግን ይህን መብት አያገኝም። ስለሆነም የአቀማመጥ ሥዕሉ በሰነዶቹ ውስጥ ቢካተት ግዙፍ እገዛ ያደርጋል።

መለዋወጫ፣ ተቀጽላና መቁረጫ

ማሽኑን በትክክል የመደቡ ሰዎች አብሮት የመጣው ሳጥን ላይ ይሳሳታሉ፤ ሁሉንም «የማሽን መለዋወጫ» ብለው በ8466 ይጽፋሉ። 8466 ሰፊ ቢሆንም ሁሉን አይውጥም። መቁረጫ መያዣዎች 8466.10፣ ሥራውን የሚይዘው ቻክና ሞርሳ 8466.20፣ የማካፈያ ራስና ሌሎች ልዩ ተቀጽላዎች 8466.30፣ የቶርኖ አልጋ ወይም የፍሬዛ አምድን የመሰሉ ለብረት መላጊያ ማሽኖች ብቻ የተሠሩ አካላት 8466.93 ውስጥ ይገባሉ።

መቁረጫው ራሱ ግን ከክፍል 16 ውጭ ነው። ፑንታ በ8207.50፣ የፍሬዛ መቁረጫ በ8207.70፣ ገና በመያዣ ያልተገጠመ የካርባይድ ጫፍ በ8209 ይመደባሉ። የፓንችና የፕረስ ቅርጽ ማውጫ ዳይም 8207.30 ነው፤ የፕረሱ መለዋወጫ አድርጎ 8466.94 ላይ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። በራሳቸው ስም በምዕራፍ 84 ወይም 85 የተጠቀሱ ዕቃዎችም ለየትኛውም ማሽን ቢታዘዙ ወደየራሳቸው ይሄዳሉ፦ ኩሽኔታ 8482፣ ቦል ስክሩ 8483፣ ሰርቮ ሞተር 8501፣ የሲኤንሲ መቆጣጠሪያው 8537። ለእነዚህ በፕሮፎርማው ላይ የተለያየ መስመርና የተለያየ ዋጋ መጠየቅ አስፈላጊ ነው፤ አንድ ሳጥን በአንድ ጠቅላላ ዋጋ ከመጣ ምደባው በግምት ይሆናል።

ያገለገለ ማሽንም ሆነ አዲስ በአመዳደብ አንድ ነው፤ ዕድሜው የሚያከራክረው በዋጋ ግመታ በኩል ነው።

ጥርጣሬ ሲኖር ከሦስት መንገድ የትኛው?

አንደኛው መንገድ ዕቃው ሳይጫን በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንን በጽሑፍ ስለ ምደባው መጠየቅ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ማሽኑ ውድ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ማሽን በተደጋጋሚ የሚመጣ ከሆነ ወይም ጉዳዩ እንደ ፓንችና ሌዘር ጥምር ያለ በእውነት አጠራጣሪ ከሆነ ይህን የሚስተካከል የለም። ሁለተኛው መንገድ በራስ ምርጫ አስመዝግቦ ተቃውሞ ቢነሣ በቅሬታ ሥርዓቱ፣ ከዚያም በግብር ይግባኝ በኩል መከራከር ነው። ምደባው ግልጽ ሆኖ ፈታሹ ግን በስም ተሳስቶ ከሆነ ይህ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ክርክሩ እስኪያልቅ የሚቆጠረው የመጋዘንና የኮንቴይነር ኪራይ ከልዩነቱ ሊበልጥ እንደሚችል አስቀድሞ መሰላት አለበት። ሦስተኛው መንገድ ከፍ ያለውን ቀረጥ ዝም ብሎ መክፈል ነው፤ ለአንድ ጊዜና ለአነስተኛ ልዩነት ሊያዋጣ ይችላል፤ ነገር ግን የተሳሳተው ኮድ ለቀጣዩ ጭነት እንደ ልማድ ሆኖ ይጠበቅብዎታል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ክርክሩን የሚያጠናክረው ማስረጃ በሌሎች አገሮች የተሰጡ ውሳኔዎችን ይጨምራል። የአሜሪካ ጉምሩክ የምደባ ውሳኔዎቹን፣ የአውሮፓ ኅብረትም ለሦስት ዓመት የሚጸኑ አስገዳጅ የታሪፍ መረጃዎቹን ማንም በነፃ ሊፈልጋቸው በሚችል መልኩ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣሉ። እዚህ አስገዳጅነት የላቸውም። ይሁን እንጂ የሚተረጉሙት ያንኑ ስድስት አሃዝና ያንኑ ማስታወሻ ስለሆነ፣ ከማሽኑ ጋር በጣም የሚመሳሰል ውሳኔ ተገኝቶ ቢያያዝ ከረጅም ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል።

ከሻጩ የሚጠየቀውም በግልጽ ቢነገረው ያለ ችግር ይልከዋል፦ የስም ሰሌዳው፣ የመቆጣጠሪያ ስክሪኑ፣ የማጋዚኑ ወይም የተሬቱ ቅርብ ፎቶ፣ የቴክኒክ ዝርዝሩ ገጽና በኢንቮይሱ ላይ የተሟላ መግለጫ። «ሲኤንሲ ማሽን፣ 1 ሴት» የሚለው መግለጫ ምንም አይናገርም። «ብረት ለመላግ የሚያገለግል አግድም ቶርኖ፣ በሲኤንሲ የሚመራ፣ ባለ አሥራ ሁለት ቦታ ተሬት፣ ከሦስት መንጋጋ ቻክ ጋር» የሚለው ግን እስከ 8458.11 ድረስ በራሱ ያደርሳል። ይህን ማስተካከል የሚቻለው ፕሮፎርማው ባንክ ከመግባቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱና ቢል ኦፍ ሎዲንጉ የፕሮፎርማውን ስም ተከትለው ስለሚወጡ፣ አንዱን ቃል ለማረም አራቱን ሰነድ ማስቀየር ይጠይቃል።